በጾም ስለቆመው ኪኒንና ስለ ወይዘሪት ሐመልማል ጥዑመልሳን ዕረፍት

ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የቃል ኪዳን መረዳጃ ማኅበር
ለአባላት፣ ለወዳጆቿና በካርቱም ለሚኖሩ ወገኖች ሁሉ

ጥር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ንጋት ላይ የማኅበራችን ሰብሳቢ አቶ ገብረየስ ከሁለት አባላት ጋር ወደ ቤቴ መጡ። እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ መርዶ ሲነገር አብሬ እሄዳለሁ። አብሬ እንድሄድ ሳይጠሩኝ ወደ እኔው መምጣታቸውን ሳይ የማን መርዶ እንደሆነ ማንም ሳይናገር አወቅሁ። ልጄ የተኛችበት ሆስፒታል በኮሮና ምክንያት አንድ አስታማሚ ብቻ ስለሚፈቅድ ከእሷ ጋር ያደረችው ጓደኛዋ ጸሐይወርቅ ነበረች።

ወይዘሪት ሐመልማል ጥዑመልሳን በተወለዱ በ24 ዓመታቸው በኩላሊት ሕመም ማረፋቸውን ማኅበራችን የሚገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። ከሐዘኑ ጋር ኀፍረትም አለ። አቶ ገብረየስ በስሜ ጠርተው «ይመኙሻል፣ ይህን እንኳ ተዪው፤ ሌላ ሰው ይጻፈው» ብለውኝ ነበር። ሌላ ሰው ግን የደበቅሁትን አያውቅም። ስለዚህ እኔ እናቷ ጻፍኩት፤ ኮሚቴውም አንብቦ ተቀብሎታል።

ወይዘሪት ሐመልማል እዚህ የተወለዱና አማርኛ የሚከብዳቸውን ልጆች ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ፊደል አስተምረዋል።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ዐረብኛ ለማይችሉ አባላት በሆስፒታል አስተርጓሚ ነበሩ። ከአርካዊት ሰፈር እስከ ማዮ ሰፈር ብዙ ሕመምተኞች ለሐኪም የተናገሩት በእርሳቸው አንደበት ነው። የማንንም ምስጢር አውጥተው አያውቁም።

ኅዳር 2011 ዓ.ም. ራሳቸው ታመሙ። ዶክተር ኦመር ያስረዱትን ለእኔ ያስተረጎመችልኝ ልጄ ራሷ ናት። ኩላሊት ውስጥ ደም የሚያጣሩ ደቃቅ ወንፊቶች አሉ። በሽታን ሊከላከሉ የተፈጠሩት የሰውነት ወታደሮች በስሕተት እነዚህን ወንፊቶች ሲወጉ ብግነት ይነሣል፤ የዚህ አገር ሐኪሞች ኢልቲሃብ የሚሉት ነው። ቶሎ ከበረደ ወንፊቱ ሊያገግም ይችላል። ሳይበርድ ከቆየ ሰውነት ቁስሉን እጠግናለሁ ብሎ ጠንካራ ሥጋ ይሞላበታል፤ ቃጠሎ ቆዳ ላይ እንደሚተወው ጠባሳ ማለት ነው። ጠባሳ ደም አያጣራም። የቀሩት ወንፊቶች የእሱንም ሥራ ስለሚሸከሙ በተራቸው ይጎዳሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ አያምም።

ዶክተሩ በዚህ አገር እናቶች በሚጠሩበት አጠራር «ያ ሐጃ፣ ይህ ኪኒን እሳቱን ያበርዳል፤ የተቃጠለውን ግን አይመልስም። ሳትነግሩኝ እንዳታቆሙት» አሉ። አልገባኝም ነበር ማለት አልችልም።

ኪኒኑ የሚዋጠው ጠዋት ከቁርስ በኋላ ነበር። ፊቷን ሞላ አደረገው። ሴቶቹ «ሐሙዬ፣ ማሻላህ፣ ተመቸሽ! መቼ ነው የምንድርሽ?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኔም ታይፎይድ ነበረባት፣ አሁን ድናለች አልኩ። የኩላሊት ሕመምተኛ ከተባለች የሚያገባት አይገኝም ብዬ ነው።

የካቲት 25 ቀን ዐቢይ ጾም ገባ። ከሌሎች ጋር በምንጋራው ግቢ ጠዋት የሚበላ ሰው አይደበቅም። «እማ፣ ኪኒኑስ?» አለችኝ። «ለፋሲካ ትቀጥያለሽ። ሰው ምን ይለናል?» አልኳት። ኪኒኑ ሃምሳ አምስት ቀን ቆመ። ማኅበራችን በዚያ ሰሞን ስብሰባ ለወጣቶች ምሳሌ ናት ብሎ ስለ ጾሟ አመሰገናት። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሲመረመሩ ብግነቱ ብሶ ተገኘ። ግንቦት 26 ቀን በጦር ሠራዊቱ ዋና መምሪያ ደጅ ለተቃውሞ የተቀመጠው ሕዝብ በኃይል ሲበተን፣ መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ወይዘሪት ሐመልማል በእግራቸው ከቤት ቤት እየዞሩ የአባላትን ደኅንነት አረጋግጠዋል። እግራቸው ያን ጊዜ አብጦ ነበር። የሕክምና ክትትላቸውም ለሁለት ወር ተቋረጠ። ብዙ ሰው ለእኔ አዝኖ ሞቷን በዚያ ግርግር ያመካኛል። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ኪኒኑ ቆሞ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ሐኪሙ ሁለቱም ኩላሊቶች በጠባሳ መሞላታቸውን ነገሩን። ከዚያ እስከ ዕረፍታቸው በኩላሊት እጥበት ቆዩ። በእጥበት ቀን እንኳ አጠገባቸው ለተኙት ያስተረጉሙ ነበር።

የነፍስ አባታችን መምሬ ይስማው ነገሩን የሰሙት ያኔ ነው። «ለታመመማ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች። ደጄ አንድ መንገድ ማዶ ነው፤ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉኝ። እንደሚፈቅዱ አውቅ ነበር። ያልጠየቅሁት፣ መጠየቅ ሕመሟን መግለጥ ስለሚሆንብኝ ነው። ልጄ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም።

የአርባ ቀን መታሰቢያዋ በዋለ በሳምንቱ ዐቢይ ጾም ይገባል። በማዮ በቀን ሥራ የሚተዳደረው ወንድማችን ተድላ ያንኑ ኪኒን እንደሚወስድና ጾሙ ሲገባ ሊያቆም አስቦ እንደነበር ነግሮናል። ስሙን እንጥቀስ ወይ ስንለው «ጻፉት፣ እኔን የሚያጭ የለ» ብሎ ሳቀ። አሁን መምሬን ጠይቆ ቁርሱን ሊበላ ተስማምቷል። ሌሎችም እንዳላችሁ እናውቃለን። ማኅበራችን በጾም ወቅት ጠዋት የበላን ሕመምተኛ የሚያማ አባል እንዳይኖር ወስኗል፤ ስለ ጾሟ ያቀረበውን ምስጋናም በኀፍረት ሰርዟል።

ለጓደኞቿ፣ ላስተማረቻቸው ልጆችና አብረዋት የኩላሊት እጥበት ሲያደርጉ ለነበሩ ሕመምተኞች መጽናናትን እንመኛለን። ጸሐይወርቅ፣ በእኔ ቦታ ስለተገኘሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ለእኔ አትጸልዩ፤ ለእሷ ጸልዩ። የምትጾሙ ከጾማችሁ ጋር አስቧት። ጠዋት ቁርስ በልታችሁ መድኃኒት የምትውጡም ከዋጣችሁ በኋላ አስቧት፤ ያ ጸሎት አያንስም ብለውናል መምሬ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው።