ናዝሬት የጠቆመቻቸው የቫምፓየር ልቦለዶች

ጥቅምት 11
ወልቂጤ ዛሬ ፀሐይ ናት። የምሠራበት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ግን እንደ ወትሮው ባዶ… ከሰዓት የንባብ ክበቡ ልጆች መጥተው፣ የቫምፓየር ልቦለዶች ዝርዝር ይለጠፍልን አሉኝ። ደም የሚጠጣ ሙት! ዳይሬክተሩ፣ ልጆቹ ካነበቡ ምን ቸገረን ብሏል። እኔ አንዱንም አላነበብኩም። ስለዚህ ያነበበ ልጅ የመጽሐፉን ርዕስና የራሱን ስም ጽፎ ለሌላው ይጠቁም አልኩ። ደስ አላቸው።

ጥቅምት 17
ናዝሬት የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ አለች። ዘንድሮ ነው ከቤተሰቧ ጋር ከቸሃ ገጠር የመጣችው። ዝምተኛ። ከቴሌግራም እያወረደች ስድስት አንብባ ስድስቱንም ጠቆመች። ከእያንዳንዱ ሥር ለማን እንደሚሆን ጽፋለች። «ፈሪ ከዚህ ይጀምር።» «ፍቅር ለሰለቸው።» አንዱ ሥር ደግሞ፣ «ደሙን ዝለሉት። ይሄ ሰውዬ ካልተጋበዘ ቤት መግባት አይችልም። ውጭ ቆሞ በመስኮት የሚያይበትን ገጽ አንብቡ።»
ከስልኳ ላይ አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት… ለምን?

ጥቅምት 21፣ ዓርብ
ክበቡ ሞልቶ ዋለ። ቀልደኛው ነብዩ፣ እኛ አገርስ ቫምፓየር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት? በአራት ዓመቷ ስለሞተችው ታናሽ እህቴ፣ ስለ አደይ ነገርኳቸው። ሸክላ ሻጯ ሴትዮ በዓይኗ በላቻት፣ ደሟን መጥጣ ጨረሰቻት… እማዬ እንደምትለው። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል፣ አልኩ። አሳምሬ ነው ያወራሁት። ትንፋሻቸውን ውጠው ሲሰሙኝ ደስ አለኝ።
ናዝሬት ሳትሰናበተኝ ወጣች።

ጥቅምት 24
የናዝሬት እናት ሸክላ ሠሪ ናቸው። ነብዩ ነገረኝ፤ አክስቱ ጎረቤታቸው ናት።

ጥቅምት 25
ዝርዝሩ ላይ ከናዝሬት ስም አጠገብ አንዱ በእስክሪብቶ ጨምሯል፦ «ከቤተሰቧ ልምድ በመነሳት»። ቀድጄ ጣልኩት። እሷ ከትናንት ጀምሮ የለችም። የጻፈውን ልጅ ልቆጣ? በምን አፌ?

ጥቅምት 28
ዛሬም አልመጣችም።
ያቺ ሸክላ ሻጭ አልለቅ አለችኝ። አደይ የሞተች ጊዜ ለቅሶ መጥታ ነበር። አጥር ውጭ ቆመች፤ «ግቢ» ያላት ሰው የለም። ሰባት ዓመቴ ነው፣ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። ታለቅስ ነበር። አሁን መደርደሪያ እየጠረግሁ ቀና ስል መስኮቱ ጋ የቆመች ይመስለኛል። ዞር ስል ማንም የለም… በጠራራ ፀሐይ!
በቡዳ አምናለሁ እንዴ እኔ? ትንሽ… አዎ። ራሴን ጠላሁት።

ኅዳር 1
እነ ናዝሬት ቤት ሄድኩ። ከተማው ጫፍ ላይ ነው። እናቷ ጭቃ በነካው እጃቸው ወደ ውስጥ እያሳዩ፣ ይግቡ አሉኝ። ውሃ በሸክላ ኩባያ ሰጡኝ። ተቀብዬ ያዝኩት… ዝም ብዬ ያዝኩት። ናዝሬት ታየኛለች። በኋላ ጠጣሁት፤ ግን አይታኛለች።
ትምህርቱን ትታ አዲስ አበባ ሰው ቤት ልትቀጠር ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ተመለሺ ብዬ ለመንኳት።
«ለእኔ ብቻ ቢነግሩኝ ምን ያደርግልኛል፣ ቲቸር? የተናገሩት እነሱ ፊት ነው።»
እውነቷን ነው። ግን እነሱ ፊት ከቆምኩ፣ አደይ በምን እንደሞተች መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ኅዳር 4
ነገ ክበቡ ፊት እናገራለሁ ብዬ በነብዩ መልእክት ልኬላታለሁ፤ መምጣቷን እንጃ። እኔም ልቅር እላለሁ… ከዚያ ያቺ አጥር ትታየኛለች።

ኅዳር 5፣ ዓርብ
ተናገርኩ። ናዝሬት ኋላ ወንበር ላይ ነበረች።
ያወራሁላችሁ ውሸት ነው፣ አልኳቸው። አደይን የገደላት ወባ ነው። ዓይን ነው ተብሎ ሦስት ቀን ቤት ጭስ ስናጨስባት ቆይተን፣ ሐኪም ቤት ስትደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። ሐኪሙ ለአባቴ ሲነግረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ይኸው ሃያ ዓመት ሌላ የማወራው… ነብዩ ሊጠይቀኝ እጁን አወጣና መልሶ አወረደው።
ሁሉም ሲወጡ ናዝሬት ቀረች። አዲስ ወረቀት ለጥፌ ነበር። ስድስቱን እንደገና ጻፈቻቸው፤ ሰባተኛ ጨመረች፤ ከሥሩ ስሟን ከነአባቷ። ሰኞ እመጣለሁ ብላኝ ሄደች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ኅዳር 6
እማዬ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ቡታጅራ ደወልኩላት። ያልኩትን ሁሉ ነገርኳት።
«ታዲያ ልጄን ማን ገደላት?» አለች።
ወባ ነው፣ እማዬ፣ አልኳት። ቤት ጭስ ስናጨስባት የቆየንበትን ሦስት ቀን ግን አላነሳሁም።
እሷ አነሳችው።