ከዳንቴሉ የተመዘዘው ክር

ቦንጋ፣ ሰኔ 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

የቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር እንደገና ተቃጥሎ ወደ መጠገኛ ሱቄ መጣ። ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ሁለቴም ውስጡ ያለው ትራንዚስተር ከሙቀት ብዛት ጋየ። አሁን የቀረኝ ከጅማ ያስመጣሁት አንድ ብቻ ነው። ነገ ደግሞ ሠርግ አለ።

ጠዋት አንድ የተበሳ የአሉሚኒየም ድስት ቆራርጬ ቀጫጭን ክንፎች ሠራሁ። ጣት በሚያሾልክ ክፍተት ጎን ለጎን አቆምኳቸውና ትራንዚስተሩን ጀርባቸው ላይ በብሎን አሰርኩት፤ ሙቀቱን ይበትኑለታል ብዬ። ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ገጠምኩና መዝሙር ከፈትኩ። ለአፍታ ወጣ ብዬ ስመለስ የመዘምራኑ ኃላፊ እትዬ አስቴር በዳንቴል ሸፍነውታል! ብረቱ ግሎ ጣት አያስቀምጥም።

«እትዬ፣ ሁልጊዜ ይሸፍኑታል?»

«ታዲያ በዚህ ዝናብ እርጥበት ይግባበት?»

ተናድጄ ዳንቴሉን ገፈፍኩት። አንድ ክር ከክንፎቹ ጫፍ ላይ ተይዞ ተመዘዘና እዚያው ቀረ።

ያኔ አየሁት። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ቬንትሌተር የለም። ክሩ ግን ሽቅብ ቆሞ ይርገበገባል። አየሩ ከሥር እየገባ፣ እየሞቀ፣ በክንፎቹ መሀል በራሱ ጊዜ ይወጣል። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ ለሰውም አስረድቻለሁ። በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

እትዬ አስቴር ጎንበስ ብለው አዩት። «ማነው የሚነፋው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማንም» አልኩ።

መዝሙሩ ሦስት ጊዜ እስኪደጋገም ሁለታችንም ከዚያ አልተነቃነቅንም። ብረቱን ነካሁት፤ ቀዝቅዞ ለብ ብሏል። እሳቸው ዳንቴሉን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ክሩን ላነሳው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተወው፤ ነገ ሙሽሮቹም ይዩት።»