ቢጫውን በርሜል የበሱት አቶ እሸቴ አለሙ (1918–1966 ዓ.ም.)

ለቀብር የወጣችሁ ወገኖች፣ ዛሬ ጠዋት ውኃ የጠጣችሁት በምንድን ነው? በቢጫ ጣሳ ከሆነ ይህ ታሪክ የሟቹ ብቻ ሳይሆን የእናንተም ነውና ጆሮ ስጡት።

አቶ እሸቴ ከአባታቸው ከአቶ አለሙ አስፋው፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ሙሉ በ1918 ዓ.ም. በሮቢት አጠገብ ተወለዱ። በደብሩ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። የእጅ ጽሕፈታቸው ያማረ ስለ ነበር በ1947 ዓ.ም. ቆቦ የሰፈረ አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ በቀለም ቀቢነት ቀጠራቸው። በ1949 ዓ.ም. ወይዘሮ አስረሳሽን አግብተው ሙሉጌታንና ሸዋዬን ወለዱ።

ከዋጃ እስከ ሮቢት ያለው የድልድይ ግንብ፣ የኪሎ ሜትር ድንጋይና የመንገድ ምልክት ሁሉ የእጃቸው ሥራ ነው። ቢጫው በጣሳና በበርሜል የሚመጣ ዱቄት ነው፤ የእርሳስ ክሮሜት ይባላል። ሙያውን አንነፍገውም፤ አንድ ጊዜ ተቀብቶ ብረቱን ይሸፍናል፣ የራያ ፀሐይ ቶሎ አያደበዝዘውም፣ ሾፌር ከሩቅ ያየዋል። ውስጡ ያለው ግን ጥይት የሚሠራበት እርሳስ ነው። ውኃ አያሟሟውምና አይጎዳም የሚል አለ። የሆድ አሲድ ያሟሟዋል። ብናኙም በትንፋሽ ይገባል። የገባው እርሳስ አጥንት ውስጥ ተከማችቶ ደም ያሳጣል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ እጅ ያሽመደምዳል። ከእርሳሱ ጋር ያለው ክሮም የተባለ ብረት ደግሞ የሳንባ ጠንቅ ነው።

ይህን ለአቶ እሸቴ የነገራቸው አልነበረም። ዱቄቱን በመዳፋቸው እያሹ በተልባ ዘይት ያዋህዱት፣ የፊደሉ ጫፍ እንዲቀጥን ብሩሹን በከንፈራቸው ያሾሉት ነበር። ባዶውን ጣሳ አጥበው ጎጆ ለሚወጣ ሙሽራ ሁሉ ይሰጡ ነበር፤ ክዳን ያለው ጣሳ በቆቦ ትልቅ ስጦታ ነውና። ከቀለሙ ጋር የራስ ቅል የተሣለበት፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት መጥቶ ነበር። ምን እንደሚል የመንገድ ሥራ ካምፑን ኃላፊ አቶ ጌታሁንን ቢጠይቁ፣ «የፋብሪካው ማኅተም ነው፤ አንተ ቀለምህን ቅባ» ብለው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

በ1963 ዓ.ም. ሆዳቸውን ይቆርጣቸው ጀመር። በ1965 ዓ.ም. ቀኝ እጃቸው ከአንጓው በታች ሽባ ሆኖ ተንጠለጠለ። ራያ በረሃብ እየረገፈ ነበርና የአንድ ቀቢ እጅ ማን ያየዋል? በኅዳር 1966 ዓ.ም. ለተራቡት መጠለያ ሲከፈት አንድ ሐኪም ድዳቸው ላይ ያለውን ጥቁር መስመር አይቶ ሥራቸውን ጠየቀ፤ ቀለሙ እንደ መረዛቸውም ነገራቸው።

በዚያው ቀን ጣሳ ለመሰብሰብ ወጡ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ መይሙና በር ላይ ቆመው፣ «አንተ እሸቴ፣ በጥጋቡ ቀን ሰጥተህ በችግሩ ቀን ትነጥቃለህ? ጅብ እንኳ ያፍራል» አሏቸው። እርሳቸውም፣ «ስሰጥሽ አላወቅሁም። ዐውቄ ብተወው ግን ገዳይሽ እኔ ነኝ» አሉ። ወይዘሮ መይሙና ጣሳቸውን አውጥተው ጣሉት፤ ከዚያ ወዲያ ሰፈሩን አብረዋቸው ዞሩ።

በመጠለያው ገንፎ የሚገነፋው የመንገድ ሥራው ካምፕ በሰጣቸው ሰባት ቢጫ የቀለም በርሜሎች ነበር። አቶ እሸቴ ለሐዘን ቤት የተቀመጡትን የእድሩን ድስቶች አስመጥተው ለሕያዋን አስጣዱ። ከዚያም በግራ እጃቸው ዶማ ይዘው ሰባቱንም በርሜል በሱ። ንብረት አጠፉ ተብለው ሦስት ቀን ታሠሩ፤ ከሥራም ተባረሩ። ይቅርታ ጠይቀው እንዲመለሱ ሲላክባቸው ለበርሜል ይቅርታ እንደማይጠይቁ መለሱ።

ግንቦት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ዐረፉ። ካምፑ የላከው ደብዳቤ «ከድርቁ ጋር በተነሣ ተስቦ ሞቱ» ይላል። ረሃቡ ብዙ ወገን ገድሎብናል፤ የራሱ ይበቃዋል፣ የሌላ ሰው ግድያ አናሸክመውም።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ልጆቻቸውና ጣሳቸውን ለመለሱ ጎረቤቶች ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

አቶ ጌታሁን፣ የአበባ ጉንጉን ይዘው እዚህ ቆመዋል። ወረቀቱ አሁንም መሳቢያዎ ውስጥ ነው። ምን እንደሚልና ስለ ምን እንደ ደበቁት፣ አፈሩ ሳይመለስ በዚህ ሕዝብ ፊት ይመልሱ።