ስምንት ቅዳሜ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27። ጠዋት 3፡30፣ የአውቶቡስ ግቢ

ጎማ ደህና። ፍሬን ደህና። ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ማስቲካ። የጠዋቱ ዙር አለቀ። አርባ አንድ ልጅ አደረስኩ፣ አንዱ አስታወከ። የከሰዓቱ ዙር 8፡15 ላይ ይጀምራል። በመሃል ያለው ጊዜ ያንተ ነው፣ ደብተር። ሌላ ሳያቋርጥ የሚሰማኝ የለም።

ቅዳሜ ግርማ ይመጣል። ታናሽ ወንድሜ። ክሩዝ በሚሉት የሽርሽር መርከብ ላይ ድስት ያጥባል። ካየሁት አሥራ አንድ ዓመት። መርከቡ ቅዳሜ ጠዋት ባልቲሞር ይገባል፣ 10 ሰዓት ላይ ይወጣል። ለሠራተኛ የሚሰጠው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ መርከቡ ወደዚህ አይመጣም፣ ወደ አውስትራሊያ ይዛወራል። ስለዚህ ወይ ቅዳሜ፣ ወይ መቼ እንደሆነ አይታወቅም።

እማዬ ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው ከአዲስ አበባ የመጣችው። ግራ ዐይኗ ሄዷል። ቀኙን የሮክቪሉ ሐኪም አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እስከ ገና ቢቆይ ነው አለኝ። አልነገርኳትም፣ ግን ታውቃለች። ሰው ስታይ ፊቷን በጣም ታስጠጋለች፣ ልትስም ይመስል። ግርማን ልየው፣ ከዚያ እንደፈለገ ይሁን ትላለች።

ለእማዬ ያልነገርኳት ሌላም ነገር አለ። ግርማ ከወደቡ በር ከወጣ ወደ መርከቡ አይመለስም። ጋሽ ወርቁ፣ የአገራችን ሰው፣ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ቤታቸው ምድር ቤት ክፍል አዘጋጅተዋል። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆን ሐበሻ ሁሉ ያየዋል። ፓርኪንግ ሥራም ያስገቡታል። የመኖሪያ ወረቀቱን ቀስ ብለን እናያለን። ሻንጣ አዘጋጅቼ የመኪናዬ ኋላ ትራንክ ውስጥ ከትቻለሁ፦ ካልሲ፣ የውስጥ ሱሪ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ስልክ፣ ወፍራም ካፖርት። ግርማ ያውቃል ወይ? በወሬ መሃል ብዙ ጊዜ ጣል አድርጌለታለሁ። እንቢ ብሎ አያውቅም። ወሬ ይቀይራል።

ሬዲዮው ደቡብ ባሕር ላይ ወጀብ ተነሥቷል አለ። የሴት ስም አውጥተውለታል። ሩቅ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28። ከሰዓት 11 ሰዓት

ልጄ ሜላት ኮምፒውተሯን ይዛ መጥታ የመርከብ ኩባንያውን ማስታወቂያ አነበበችልኝ። ለተከበሩ መንገደኞች ደኅንነት ሲባል። ሁለት ደሴት ተሰርዟል። መርከቡ ወጀቡን ቀድሞ ዓርብ ባልቲሞር ይገባል።

ዓርብ! ደሴቱን ይሰርዙት፣ ዓርብ ግን ሥራ ነኝ። ትምህርት ከተከፈተ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ። እኔ በገዛ ፈቃዴ አንዲት ማቆሚያ ብዘል በማግስቱ ቁልፍ አስረክቤ ወደ ቤቴ ነው። ካፒቴኑ አገር ዘሎ ይመሰገናል።

ሜላት አስረዳችኝ። ወጀብ ቀርፋፋ ነው አለች፣ ሰው ብስክሌት የሚነዳ ያህል። መርከቡ ይበልጠዋል። ስለዚህ አይጋፈጡትም፣ ይሸሹታል። የብስ ላይ ቁጭ ብሎ አየሩን የሚከታተልላቸው ሰው አለ፣ ካርታ እየላከ ወዲህ በሉ ወዲያ በሉ ይላቸዋል። ትኬቱም ላይ ተጽፏል፦ መንገዱን በፈለግን ጊዜ እንቀይራለን፣ እኛን መክሰስ አይቻልም። ማነው የፈረመው? እኔ አልፈረምኩም። እማዬ አልፈረመችም።

አለቃዬን ኦፍ ጠየቅኩት። ሹፌር የለኝም አለ፣ ቀና ብሎም አላየኝ። ከአንዷ ኮሎምቢያዊት ሹፌር ጋር ተደራደርኩ። የገና ዋዜማ ዕረፍቴን ሰጥቼ ዓርብን ወሰድኩ።

ቅድም ግርማ ደወለ፣ የመርከቡን ኢንተርኔት ካርድ ገዝቶ። የቀኑን መለወጥ ነገረኝ። ቀጥሎ ያለውን ስማ፦ ካልተመቻችሁ ተዉት አለ፣ አትንገላቱ። እንደ ሩቅ ሰው! አንተ ልጅ፣ እናትህ እኮ ናት አልኩት። መስመሩ ተቆረጠ። ወይ ቆረጠው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29። ከሰዓት 11 ሰዓት

እንደገና ቀየሩት።

ዓርብ የለም። ወጀቡ ፈጠነ። በብስክሌት ነበር አይደል? አሁን መኪና ተሳፍሯል። ወደቡ ሊዘጋ ነው። መርከቡ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ክፍት ባሕር ዞሮ ወጀቡ እስኪያልፍ እዚያ ይጠብቃል። እኔ የማውቀው ዝናብ ሲመጣ ሰው ቤቱ እንደሚገባ ነው። መርከብ ከቤቱ ይወጣል። ወደብ ላይ ታስሮ ከቆመ ነፋሱ ከግንቡ ጋር ያላትመዋል፤ ባሕር መሃል ግን ቦታ አለው፣ ይዞራል፣ ያፈገፍጋል። ይሄንንም ሜላት ናት የነገረችኝ። እሺ፣ መቼ ይገባል? አይታወቅም። የገና ዋዜማዬስ?

ወደቡ ጋ ደወልኩ። ትዕግሥቷ ያለቀ ሴት አነሣች። የመርከቦች መግቢያ ሰሌዳ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ እሱን እዩ ብላ ዘጋችብኝ። ሜላት ከፈተችው። የመርከቡን ስም ጻፈች። ወደ ታች እየወረደች አነበበች።

ምን ይላል አልኳት።

"ማሚ፣ ይሄ መርከብ እኮ ሁሌ ነው የሚመጣው።"

ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ለውጬ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። እዚህም ልድገማቸው። ግንቦት 9። ግንቦት 23። ሰኔ 7። ሰኔ 21። ሐምሌ 5። ሐምሌ 19። ነሐሴ 3። ነሐሴ 17።

ስምንት ቅዳሜ።

ግርማ እዚያ መርከብ ላይ የገባው ሚያዝያ ውስጥ ነው። ራሱ ነው የነገረኝ። አሜሪካን አንነካም፣ ከደሴት ደሴት ነን ያለኝም ራሱ ነው። ከቤቴ እስከ ባልቲሞር አርባ አምስት ደቂቃ። እማዬ ከመጣች ወዲህ እንኳ አራት ጊዜ። በዚያ ዐይኗ በር በሩን እያየች አራት ጊዜ። የአሁኑንም የነገራት እሷ በስልክ ስላለቀሰች ነው እንጂ እሱንም አንሰማውም ነበር።

ለእማዬ አልነገርኩም። ሜላትንም አስምዬያታለሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30። ከሰዓት 9 ሰዓት

ኦፍ ነኝ። ለምንም። ዝናቡ ጀምሯል።

ግንቦት 23 ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ነበር፣ የትምህርት ቤት ልጆች ጭኜ ዓሣ ሊያዩ ባልቲሞር ወሰድኳቸው። ከሀይዌዩ ላይ ውሃው ዳር ነጭ ነገር ቆሟል፣ ኮንዶሚኒየም የሚያህል። ልጆቹ በአንድ ጎን ተጋፍተው ጮሁ። ቁጭ በሉ ብዬ ጮህኩባቸው። ለካ ወንድሜ እዚያ ውስጥ ድስት እያጠበ ነው። እኔ አውቶቡሱን አቁሜ ሳንድዊች በላሁ። አራት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ። አራት ሰዓት!

ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። አሌክሳንድሪያ ወረድኩ። ጋሽ ወርቁ ነገሩን ሰምተው ሳቁ። ፈርቶ ነው አሉ፣ ሁሉም መጀመሪያ ይፈራል፣ አንቺ ብቻ ከበሩ አውጪልኝ፣ ሌላውን ለእኔ ተይው። ቁልፉን ሰጡኝ፣ ክፍሉን እይው አሉኝ። እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር። መስኮቱ ከሣሩ በታች ነው፣ የሚታየው የአላፊ ጫማ ነው። ሻጋታ ይሸታል። ግድግዳው ላይ የበፊቱ ልጅ የቀን መቁጠሪያ ሰቅሎ ትቷል፣ እያንዳንዱ ቀን ላይ ጭረት።

የት ሄደ አልኳቸው። የት ይሄዳል፣ ላይኛው ክፍል ተዛወረ እንጂ አሉ። እዚህ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ። ብርቱ ልጅ ነው፣ አገር ቤት አባቱ ሲሞት እንኳ ንቅንቅ አላለም፣ እዚሁ ሳሎን ለቅሶ ተቀመጥንለት አሉ። ሲያመሰግኑት ነው እንዲህ የሚሉት።

ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ መሪውን እየደበደብኩ መጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1። ቀትር

ይሄ ነው? ይሄ ነው ወይ ወጀቡ? ከጎረቤት ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ፣ ከእኛ የቆሻሻ ገንዳ አንድ ክዳን። ሳንተኛ አደርን፣ እሱ ጎኑን ሰጥቶን አለፈ። ሰማዩ አሁን እንደታጠበ ሳህን ነው። ለዚህ ነው መርከብ ያባረሩት።

ግርማ ደወለ። ሰላምታውን አላስጨረስኩትም። ስምንቱን ቅዳሜ አንድ በአንድ ከነቀናቸው አነበብኩለት።

ከዚያ ጀመረ። እንዲህ መናገር እንደሚችል አላውቅም ነበር። ግንቦት 9 ከወደቡ ደውዬልሻለሁ አለ፣ ባልቲሞር ነኝ ልልሽ። አፌን ሳልከፍት አንቺ ቀጠልሽ፦ አሜሪካን አንድ ቀን ከረገጥክ እንዳትመለስ፣ ክፍል አለህ፣ ሥራ አለህ። ዘጋሁት። በሌላው ጊዜ ደወልኩ፣ ያንኑ ደገምሽልኝ። ሞምባሳ ሚስት አለችኝ አለ። የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። እዚያ ምድር ቤት ገብቼ በፎቶ ላሳድጋት?

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። መቼ ጠየቅሽኝ አለ። አሥራ አንድ ዓመት የጠየቅሽኝ መቼ ትወጣለህ ብቻ ነው። እማዬ ታውቃለች አለ። እማዬ! እኔ ቤት፣ እኔ አልጋ ላይ የምትተኛው እማዬ!

"እትዬ፣ የኛ ካፒቴን ወጀብ ሲያይ አይጋፈጥም፣ በሩቁ ዞሮ ያልፋል። እኔም አንቺን ዞሬሽ ነው ያለፍኩት።"

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ዞር ስል እማዬ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች። ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። የልጅቷን አዎ፣ የመርከቡን አላወቅኩም አለች። ስንት ጊዜ መጣ አለችኝ። ስምንት አልኳት። በእጇ ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች። ስታለቅስ አላየኋትም። መነጽሯን አውልቃ፦

"እኔ ልጄን ላየው ነው የመጣሁት፣ ልይዘው አይደለም። መያዝ የምትወጂው አንቺ ነሽ።"

ቆሻሻ ልጥል ብዬ ወጥቼ የገንዳውን ክዳን አንሥቼ ወረወርኩት። የጎረቤቱ ውሻ ጮኸብኝ።

እሑድ፣ ጳጉሜ 2። ከሰዓት 8 ሰዓት

መርከቡ ነገ ጠዋት ይገባል። ሁለት ቀን ስለዘገየ በችኮላ ነው፣ ሰው አራግፎ ሰው ጭኖ 8 ሰዓት ላይ ይወጣል። ለሠራተኛ የሚሰጠው ከሦስት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። ይሄንንም አላምንም። ካልታሰረ መርከብ ጋር ቀጠሮ የለኝም።

ግርማ ጽፏል። ለእኔ አይደለም፣ ለሜላት። ከ5 ሰዓት እስከ 6 ተኩል፣ ከወደቡ በር ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው አጠገብ። እማዬን አምጡልኝ። ስለ መቅረት አንዲት ቃል ከሰማሁ፣ ወይ ሻንጣ ካየሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ።

ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠልኝ! አዝዬ ያሳደግኩት። አፍንጫውን በቀሚሴ የጠረግኩለት። ሁለት ጊዜ መልስ ጽፌ አጠፋሁ። የመጀመሪያው ስድብ ነበር። ሁለተኛውም ስድብ ነበር። በሦስተኛው እሺ ብዬ ላክሁ።

ሰዓቱን ደመርኩ ቀነስኩ፣ እሱ ሥራዬ ነው። የጠዋቱ ዙር 3፡15 ያልቃል። ባልቲሞር አርባ አምስት ደቂቃ። 6 ተኩል ከተነሣሁ 7 ተኩል ግቢ ነኝ። የከሰዓቱ ዙር 8፡15። ይበቃል። ኦፍም አያስፈልግም። ኮሎምቢያዊቷን የገናዬን መልሺልኝ አልኳት። ሳቀችብኝ።

ጋሽ ወርቁ ጋ ደወልኩ። ቁልፍዎን እመልሳለሁ አልኳቸው። ዕድል በእግሯ መጥታ አባረርሻት አሉኝ። ስንቱ ይለምነኛል መሰለሽ አሉ። ለለመነዎት ይስጡት አልኩ። እሳቸውም ዘጉብኝ። በዚህ ሳምንት ስልክ ያልዘጋብኝ የለም።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3። ጠዋት 3፡25፣ የአውቶቡስ ግቢ

ጎማ ደህና። ፍሬን ደህና። አርባ ልጅ፣ ማንም አላስታወከም።

መርከቡ ገብቷል። ታስሯል። ሜላት ሰሌዳውን አይታልኝ፣ እማዬን እዚህ ድረስ አምጥታ መኪናዬ ውስጥ አስቀምጣት ወደ ትምህርቷ ሄደች። ከዚህ ይታየኛል፣ እማዬ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች ነው። አራተኛ ጊዜዋ።

ንዴቴ አልወጣልኝም። በርዶልኛል ብዬ ላንተ አልዋሽም። ስምንቱን ቅዳሜ አልማርኩለትም። አውስትራሊያ ከገባ በኋላ በስልክ አንድ በአንድ እነግረዋለሁ፣ ጆሮው እስኪግል። ዛሬ ግን አፌን እዘጋለሁ። የምጠይቀው የልጅቷን ስም ብቻ ነው። እማዬ ታውቀዋለች፣ ከእሷ መስማት እችል ነበር። አልፈለግኩም። እሱ ይንገረኝ።

ሻንጣውን ከትራንኩ አወጣሁት። ካልሲው፣ ብሩሹ፣ ስልኩ፣ የጋሽ ወርቁም ቁልፍ፣ ሁሉም እዚህ አውቶቡስ ውስጥ ከወንበሬ ኋላ ይቀራል። ካፖርቱን ብቻ አስቀረሁ። የሱቁን የዋጋ ወረቀት በጥርሴ በጠስኩለት። በእጄ ይዤው እሄዳለሁ። ምን ሊለኝ ነው? ሻንጣ አይደለም፣ ካፖርት ነው። መርከብ ላይም ነፋስ አለ። ተመልሶ ሲገባ ለብሶት ይ—

እማዬ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋች። ደግሞ ነፋ—