የአርባ ምንጩ ባዶ ቦታ መካነ ብርሃን ላይ ተወሰነለት

ወንድሜ ማቴዎስ፣

እዚህ መካነ ብርሃን ደጋ ላይ ሁለት ጋቢ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ ነው የምጽፍልህ። አንተ «ሙዝ እንትከልበት»፣ እኔ «ቤት እንሥራበት» እያልን የተኮራረፍንበትን ባዶ ቦታ፣ እቤታቸው ላረፍኩባቸው ለአያ ስማቸው አጫወትኳቸው። እሳቸው «ገብስ ይዘራበት» አሉ። ባለቤታቸው እማማ ዝናሽ «የለም፣ በግ ይርባበት» አሉ። በቤቱ ውስጥ የሞቀው ክርክሩ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ አያ፣ «ለመሆኑ ብርዱ እንዴት ነው?» ሲሉኝ፣ «ብርድማ የለም፤ ያለ ብርድ ልብስ ደጅ እንተኛለን» አልኳቸው።

ከዚያ አያ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ «ሸጋ ቦታ ነው፤ ምነው በእርሻ ይበላሻል? ሄደን እንተኛበት እንጂ» አሉ። እማማም ተስማሙ።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ ሊያልቅብኝ ነው፤ እናታችንንና ልጆቹን ሳምልኝ። ሙዙን እንዳትተክል። ከፋሲካ በኋላ አጎዛቸውን ጠቅልለው አብረውኝ ይመጣሉ።

ያንተው ምናሴ