ስለ ወንፊቱና ስለ ድስቱ

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ
ቅዳሜ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ሐጂራ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ከአጋሮ ጅማ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ደብዳቤሽ አሥራ ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። በእግሩ ቢመጣ ይሻለው ነበር። ለጠየቅሽኝ ነገር መልሱ አጭር ነው፣ በአንድ መስመር ይጻፋል። ይኸው ግን አራተኛው ወረቀት ላይ ነኝ። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። ይህን ጀምሬ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ መስኮቱን ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ ውጭ ከዝናብ በቀር ምንም አልነበረም።

እንዲህ ነበር ያልሽው፦ «የሴቶች ማኅበሩ የኪነት ቡድን ሊያቋቁም ነው፣ አሠልጥኚልን ብለውኛል። ስድስት ዓመት አልዘፈንኩም። ሰው ፊት አፌን ከመክፈቴ በፊት ለብቻዬ ሙዚቃ መስማት እፈልጋለሁ። ቴፕ ቤት ውስጥ አለ፤ ዝናቡና ልጆቹ ግን አያሰሙኝም። ጆሮ ሙሉ የሚሸፍን ጥሩ ማዳመጫ ምረጥልኝ። ካንተ ጆሮ በቀር የማምነው የለም።»

የመጨረሻዋን ባትጽፊያት ኖሮ በአንድ መስመር እገላገል ነበር።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ልንገርሽ። ቀላሉ እሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሐጂ አብዱልሰመድ ሱቅ ሄድኩ። ያው እንደምታውቂው ነው፤ ጨርቅ፣ ፋኖስ፣ ባትሪ፣ ጥግ ላይ አንድ ቴፕ። የድሮዎቹ ሁለት ማዳመጫዎች ዛሬም መደርደሪያው ላይ ናቸው። ለቀበሌያችን የኪነት ቡድን ምረጡ ተብለን እኔና አንቺ የተላክንባቸው ማለቴ ነው። ኮሚቴው ጉዳዩን በሦስት ስብሰባ መርምሮ፣ «ለአንድ ሰው ብቻ የሚያሰማ ዕቃ ሰፊውን ሕዝብ እንዴት ያገለግላል?» የሚለው ላይ ሲደርስ ለአራተኛ ስብሰባ ቀጠረ። አራተኛው ስብሰባ እስካሁን አልተጠራም።

«በስድስት ዓመት ውስጥ ገዢ አልመጣም እንዴ ሐጂ?» አልኳቸው።

«አምና አንዱ ድስቱን ጠይቆኝ ነበር» አሉ። «የሞተር ሳይክል ቆብ መስሎት።»

ስሙን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ሐጂም ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም አይጠሯቸውም። ድስቱ ጀርባው ድፍን የሆነው ነው፣ በቆዳ ትራስ ጆሮን ገጥሞ የሚዘጋው። ወንፊቱ ደግሞ ጀርባው ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነው፣ ትራሱ ስፖንጅ የሆነው።

አመራረጡንም ያስተማርሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ባስተማርሽኝ ሄድኩ። «ከበሮውን አትስማ፣ ከበሮ በባልዲም ይሰማል» ብለሽኝ ነበር። «ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት አየር ስትስብ ከተሰማህ፣ እሱ ነው ማዳመጫ።» ከዚያ በፊት ጥሩ ማዳመጫ ማለት አብዝቶ የሚጮኸው ይመስለኝ ነበር። በቡድናችን የዘፈን ግጥምም የሚመዘነው በዚሁ ነበር፤ ጻፊው እኔ ስለነበርኩ አውቃለሁ። ስለ ቡና ኮታ በጻፍኩት መዝሙር ውስጥ «ኩንታል» የምትለዋን ቃል ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ስትያት ሰው ለምን ዓይኑን እንደሚጠርግ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ድስቱን አደረግኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር፣ የነሐሴ ዝናብ። ትራሶቹ ጆሮዬ ላይ ሲገጥሙ ዝናቡ ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ። ዘፋኟ አየር ስትስብ ሰማኋት። ክራሩ ላይ ጣት ሲንሸራተት ሳይቀር ሰማሁ። ጉድለቱን አልደብቅሽም፦ ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ከሦስት ዘፈን በኋላ ጆሮዬ አልቦኝ ነበር። የቀኙ ቆዳ ጠርዙ ላይ መላጥ ጀምሯል። የመነጽሬን ዘንግ ጭንቅላቴ ላይ ይጫነዋል፤ አንቺ መነጽር የለሽም። በሻሽ ላይ ይቀመጥ እንደሆነ ለማረጋገጥ ሐጂ በጥምጥማቸው ላይ አድርገው ሞከሩልኝ።

«ይሰማሃል?» ብለው ጮኹብኝ።

«የሚሰሙት እርስዎ ነዎት እንጂ እኔማ...»

«ምን?» አሉ። ከመንገዱ ማዶ ያለ ሰው «አቤት!» አለ።

እንግዲህ ድስት ያደረገ ሰው እንዲህ ነው፣ የራሱ ድምፅ አይሰማውም። ይህን ያዥልኝ።

ቀጥዬ ወንፊቱን አደረግኩ። ቀላል ነው፤ ማድረግሽንም ትረሺዋለሽ። ሙዚቃው ጭንቅላትሽ ውስጥ ታፍኖ አይቀርም፣ ክፍሉ ውስጥ የሚጫወቱ ይመስላል። ስፖንጁ ትንሽ ተፈርፍሯል፤ እሱ ይለወጣል። ቴፑ እየዘፈነ ሳለ ሐጂ ከጀርባዬ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ሻይ ላስመጣ?» አሉኝ።

«ይምጣ» አልኩ።

ከዚያ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ሐጂን ሰምቻቸዋለሁ። ዝናቡን ሰምቻለሁ። የራሴን «ይምጣ» ልክ እንደወጣች ሰምቻታለሁ። ሻዩ መጣ፤ ሳልጠጣው ወጣሁ። «ያ ሳኒ፣ ምን ነካህ?» እያሉ በረንዳው ድረስ ተከተሉኝ። እስከ ዋናው መንገድ በዝናብ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ አሥር ደቂቃ መቀመጥ አልቻልኩም። ቀበሌው የማንበቢያ ክፍል ኃላፊ አድርጎኛል፤ አሥራ አንድ መጻሕፍት አሉኝ፣ ዘጠኙ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ትናንት እነሱን አራት ጊዜ ደረደርኳቸው።

አሁን ወደ 1973 ልመለስ፣ ወደዚያ የሰኔ ሐሙስ።

ወደ ሱቁ እየሄድን ጃንጥላሽ ሥር ነገርሽኝ። «ሳኒ፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አዲስ አበባ የፈተነኝ የሙዚቃ ክፍል ተቀብሎኛል። አባባ ከሰሙ አበቃልኝ። የምታውቁት አንተና ትኬቱን የቆረጠልኝ ደምመላሽ ብቻ ናችሁ። ማሎ፣ ለማንም እንዳትናገር።»

«ለማን ብዬ?» አልኩሽ።

ሱቅ ስንደርስ ሐጂ ለአስር ሶላት መስጊድ ሄደው ነበር። ሱቁን የምትጠብቀው አክስትሽ ኩልሱም ነበረች፣ ጥግ ላይ በስፌት መኪናዋ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች። አንቺ ድስቱን አደረግሽ፣ እኔ ወንፊቱን። ሁለቱንም አንድ ቴፕ ላይ ሰካናቸው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ትሰሚ ነበር።

«አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው?» አልኩሽ።

ዓይንሽን ገለጥ አድርገሽ ወደ ጆሮሽ ጠቆምሽ፣ ፈገግ ብለሽ ራስሽን ነቀነቅሽ። አልሰማሽም። እኔም ድምፄን ከፍ አደረግኩ፦ «ቅዳሜ! የአዲስ አበባው አውቶቡስ! በስንት ሰዓት ነው?»

አሁንም አልሰማሽም። ኩልሱም ሰማች።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ሰኮሩ ኬላ ላይ አንዱ ፍራሽ ውስጥ ሁለት ኪሎ ቡና ተገኘና አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ቆሞ ተፈተሸ። ያቺ ሁለት ኪሎ ባትኖር የአጎትሽ መኪና አይደርስብሽም ነበር። አጎትሽ እጅሽን ይዘው አወረዱሽ። ዓመት ሳይሞላ አጋሮ ተዳርሽ። ባለቤትሽ ደግ ሰው መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ይህን የምለው ለወግ አይደለም።

ምሥጢሩን ያወጣው ማን ነው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ አንድ ስም ብቻ ነበረው፦ ደምመላሽ። ትኬት ቆራጩ። ከሱ በቀር ማን ያውቃል? እኔንማ ማን ይጠረጥራል! ለቅሶ የደረሰብኝ ይመስል ያጽናኑኝ ነበር። አንቺም በደብዳቤሽ ግርጌ፣ «ደምመላሽን ዛሬም አውፍ አላልኩትም፣ ይቅርም አልለው» ብለሻል።

ደምመላሽ አይደለም ሐጂራ። እኔ ነኝ።

ይህን ጽፌ ተነሥቼ ነበር። ተመልሼ ተቀምጫለሁ።

ስድስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ሰበብ ነው የኖርኩት፦ ማዳመጫ አድርጌ ነበር፣ ማዳመጫ ያደረገ ሰው የራሱን ድምፅ መጠን አያውቅም፣ አደጋ ነው። ጥሩ ሰበብ ነበረች፤ የትም ሸንጎ ፊት ብትቀርብ የምታስለቅቅ። ግን የምትሠራው ለድስት ነው። እኔ ያደረግኩት ወንፊቱን ነበር። ሐሙስ ዕለት ሱቁ ውስጥ የደረቅኩት ለዚህ ነው።

የባሰው ገና ነው። ድምፄን ከፍ እንዳደረግኩ የስፌት መኪናው ቆመ። ሲቆም ሰማሁት። ዘወር ስል ኩልሱም እግሯን ከመርገጫው ላይ አንሥታለች፣ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ነው፣ ታየኛለች። ያን ጊዜ «ተይው፣ ስለ ሌላ ነገር ነው» ማለት ይቻል ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ደገምኩት። ቀኑን፣ አገሩን፣ አውቶቡሱን አንድ ባንድ፣ እንደ መድረክ አስተዋዋቂ እያጠራሁ ደገምኩት። ከዚያ አንቺ ማዳመጫውን አውልቀሽ «ምን አልክ?» ስትይኝ፣ «ምንም፣ ጥሩ ነው ወይ ብዬ ነው» አልኩሽ።

ለምን ትይኝ ይሆናል። እንደምወድሽ ታውቂ ነበር፤ ያላወቀ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ብቻ ነው። ግን ምክንያቱ ፍቅር ብቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አዲስ አበባ ከኔ የተሻለ ግጥም የሚጽፍልሽ ሰው ሞልቷል፤ ይህንን ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። እዚህ እስካለሽ ድረስ ያ «ኩንታል» የኔ ነበር። ይኸው ነው። ትንሽ ነገር ነው፤ ትንሽነቱ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ኩልሱምን ከየት ሰማሽ ብሎ የጠየቃት የለም፣ እሷም ስሜን አላነሣችም። ለምን እንደሸሸገችልኝ አላውቅም። አምና ስትሞት፣ አላህ ይርሐማት፣ ለቅሶ ቤት ከተቀመጠው ሰው ሁሉ በልቡ እፎይ ያለ አንድ ሰው ነበር። ይህንንም ዕወቂው።

ጆሮዬን ማመንሽ ስሕተት አይደለም። ጆሮዬ ያን ቀንም ደኅና ነበር።

ስለዚህ ስለ ሙዚቃው አልዋሽሽም፦ ድስቱን ውሰጂ። ለዝናብ አገር እሱ ነው። ዘፋኟ አየር ስትስብ የሚያሰማሽ እሱ ነው፣ የራስሽን የድሮ ካሴት ለመስማትም እሱ ነው። ስታደርጊው ግን ትንሿን ልጅሽን ፈድሊያን የሚይዝልሽ ሰው ይኑር፤ ብታለቅስ አትሰሚያትም። ገዝቼ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። መሰኪያው ቴፕሽ ላይ ከጠበበ በግድ አትክተቺው፣ ማንኛውም ሬዲዮ ጠጋኝ ይለውጠዋል።

ደብዳቤውን ከመጀመሬ በፊት አንድ ሥራ ነበረኝ። ትናንት ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ደምመላሽ መስኮቱ ላይ ትኬት ይቆርጣል። ሰው እስኪያልቅ ልጠብቅ ብዬ ነበር፣ አላስቻለኝም።

«ደምመላሽ፣ የሐጂራን ነገር ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ሊሙ ሁለት ሰው ቀርቷል!» ብሎ ወደ ግቢው ተጣራ። ከዚያ መስኮቱን ዘግቶ በጓሮ በር ወጣ።

«ምን አልክ?»

ደገምኩለት።

«በየጠዋቱ በአባቷ ደጅ ነው የማልፈው» አለኝ። «ሰላም ስላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰላም ማለት አልተውኩም፤ ብተው አመነ ይባላላ። ትኬቱ ላይ እኮ ስሟን እንኳ አልጻፍኩም። ወርቂቱ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ የእናቴን ስም!»

«ከፈለግክ ምታኝ» አልኩት።

«መነጽርህን አውልቅ።»

አወለቅኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ብቆይ፣ ብቆይ ምንም የለም። ስገልጥ አንዲት እናት መጥተው ስለ በደሌ አውቶቡስ እየጠየቁት ነው፤ እሱም «እማማ፣ ነገ ጠዋት ይምጡ» እያለ በትሕትና ያስረዳቸዋል። ሸኝቷቸው ወደኔ ዞረ።

«ለሷ ነግረሃታል?»

«ልጽፍላት ነው።»

«ጻፍ። በፖስታ እንዳትልከው ታዲያ። እሑድ ዕረፍቴ ነው፣ እኔ አደርሰዋለሁ። ስታነበው ፊቷን ማየት አለብኝ።»

«አባቷስ?» አልኩት።

«ለአባቷ አንተ በአፍህ ትናገራለህ፣ ሰኞ፣ እኔ ባለሁበት።» እሺ አልኩ። ሰኞ አባትሽ ደጅ እንሄዳለን፤ ይህን ስታነቢ አንድ ቀን ነው የሚቀረኝ።

አውፍ በይኝ አልልሽም፤ ዛሬ ተራው የኔ አይደለም። ዕቃውን የሰጠሽን ሰውዬ ገና በትክክል አላየሽው ይሆናል፤ ወይም አይተሽው ፊትሽን አዙረሽ፣ ደብዳቤውን ተቀብለሽ፣ ደጅ ላይ አቁመሽው ይሆናል። እዚያው ነው ያለው። አንብበሽ እስክትጨርሺ አይሄድም፣ ነግሮኛል።

ቀና በይ ሐጂራ። ደምመላሽ ነው። ግባ በይው።

ሙሐመድሳኒ