ተመንጥሮ የጠበቀን ጫካ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ አድማሴ፣

በሄድኩበት ሁሉ ከሐሳቤ የማይለዩ አባባ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? የጉልበትዎ ሕመም ተሻለዎት? የእማማ ዓይንስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ የሚያስቸግረኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው።

አባባ፣ በመጋቢት ያየሁት ነገር ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ቤታቸው እየተመላለስኩ የማስታምማቸው ሜቭራው ሄንድሪካ የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ ሜቭራው እዚህ ወይዘሮ ማለት ነው። ከዘ ሄግ ወጣ ብሎ ከአባታቸው የወረሱት የኦክ ጫካ ነበራቸው። ኦክ አብርሃም በመምሬ ከሥሩ ያረፈበትን ዓይነት ግዙፍ ዛፍ ነው። በየዓመቱ ብርድ ሲገባ እሳቸው ራሳቸው እየዞሩ፣ የተጣመመውንና ጎረቤቱን ያፈነውን ብቻ መርጠው ያስቆርጣሉ። «የምወስደው ከሚያድገው እንዳይበልጥ ነው» ይሉኝ ነበር።

ዘንድሮ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ከረሙ። እንደወጡ «ጫካዬን አሳዪኝ» ብለውኝ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ወሰድኳቸው። ከመታጠፊያው ስንደርስ መንገድ የሳትኩ መሰለኝ። ጫካ የለም! ዓይን እስከሚደርስ ጉቶ ብቻ። ውክልና የሰጡት የወንድማቸው ልጅ አንድ ሳያስቀር አስመንጥሮ ለእንጨት ነጋዴ ሸጦታል። እኔ «ኧረ በማርያም!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። እሳቸው ግን እንባ እንኳ አልወጣቸውም፤ እጄን ጨምድደው ያዙ።

በማግሥቱ የወንድማቸው ልጅ መጥቶ፣ ዛፉ አርጅቶ ነበር፣ ጉቶውንም ነቅዬ መሬቱን አከራይልሻለሁ አላቸው። እኚያ ድምፃቸው የማይሰማ ሴትዮ «አንዲት ጉቶ ብትነካ ዓይንህን አላይም!» ብለው ጮኹበት። ውክልናውንም አነሡበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሥሩ አልሞተም የትነበርሽ፤ አጋዘን እንዳይበላው ብቻ ዙሪያውን አጥር እናሳጥረው» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሐዘኑ አእምሯቸውን የነካው መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ተመልሰን ሄድን። አባባ፣ የጉቶው ዙሪያ ሁሉ ቀይ ቀይ ቡቃያ አውጥቷል! ቡቃያው ሲጠነክር ከየጉቶው ደኅናውን አንድ ሁለቱን ማስቀረት፣ ሌላውን መቁረጥ ነው አሉኝ። «ዛፍ ሲሆን እኔ የለሁም» ብለውም ሳቁ።

ለመንደር ምሥረታው ቤት ተብሎ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የጠበቁት የወይራ ደን መቆረጡን ወንድሜ ሽባባው ጽፎልኝ፣ ምን ብዬ እንደማጽናናዎት ጨንቆኝ ነበር። አሁን ግን እለምንዎታለሁ፣ ጉቶውን ለማገዶ እንዳይነቅሉት የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ያነጋግሩት። ፍየል ካልገባበት ወይራም ያቆጠቁጣል።

የእማማን ጉልበት ይሳሙልኝ። ሽባባውንና ይመኙሻልን እንደምን ናችሁ ይበሉልኝ፤ ሕፃኑን ሰለሞንን ጉንጩን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ የትነበርሽ አድማሴ
ትራንስቫል ሰፈር፣ ዘ ሄግ
ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.